ኦባማኬር፦ ከአስር አመት በላይ የከፈልኩበት ኢንሹራንስ ሪቪው

እሺ በመጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር፣ ምክንያቱም ሪቪው የሚጽፍ ሰው ከየት ወገን ሆኖ እንደሚጽፍ ካልታወቀ ኮከቡ ዋጋ የለውም። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነኝ፣ ድሮ ታክሲ አሁን ኡበር እነዳለሁ፣ አገር ቤት ጤና መኮንን ነበርኩ ስለዚህ የጤና ወሬ ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም። እዚህ አገር ለሹፌር ኢንሹራንስ የሚገዛለት አሰሪ የለም፣ አሰሪውም ተቀጣሪውም አንተው ነህ። ከ2014 ጃንዋሪ ጀምሮ (አመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) ኦባማኬር በሚባለው የጤና ኢንሹራንስ ህግ በተከፈተው ማርኬትፕሌስ (የግል ካምፓኒዎች ኢንሹራንስ የሚሸጡበት የመንግስት ገበያ) በኩል ሲልቨር የሚባለውን ፕላን እየገዛሁ ነው፣ ሁለት አመት ብቻ ብሮንዝ ሞክሬ በሩጫ ተመልሻለሁ። እና ደግሞ ኦባማን እወደዋለሁ። በ2008 ያሸነፈ ማታ ዋሽንግተን ዩ ስትሪት ላይ መኪናዬን አቁሜ ከማላውቀው ሰው ጋር ተቃቅፌ ያለቀስኩ ሰው ነኝ። ይቺን ያዙልኝ፣ ኮከቤን ስታበላሽ የኖረችው እሷ ናት።

ህጉ ማርች 23 2010 ሲፈረም እኔ በልቤ 5 ኮከብ ሰጥቼ ጨርሻለሁ። ምን እንደሚሸጥ፣ በስንት እንደሚሸጥ፣ የትኛው ሐኪም እንደሚቀበለው ምንም ሳላውቅ። ኸረ ሽያጩ ራሱ የጀመረው ከሶስት አመት ተኩል በኋላ ነው! ሆቴሉ ሳይከፈት ክትፎው አንደኛ ነው ማለት ነው። ግን እውነቱን ለመናገር የምወድበት በቂ ምክንያትም ነበረኝ፣ ግፊት አለብኝ። ከዛ በፊት በግልህ ኢንሹራንስ ልግዛ ብለህ ስትደውል መጀመሪያ የሚጠይቁህ ህመምህን ነው፣ ግፊት ስላቸው ወይ አንፈልግህም ወይ አፍ የሚያስይዝ ዋጋ። ከ2014 በኋላ ይሄ በህግ ቀረ፣ ታመህ ብትመጣም ካልታመመው ሰው እኩል ነው የምትከፍለው፣ ዋጋ የሚጨምርብህ እድሜህ፣ የምትኖርበት ቦታና ሲጋራ ካጨስክ ሲጋራህ ነው። ለኔ ብጤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አመዘጋገቡ ላይ ግን... የሜሪላንድ ድረገጽ ኦክቶበር 1 2013 ተከፈተ፣ በዛው ቀን ተንኮታኮተ። ስቴቱ ራሱ በቀጣዩ አመት ያንን ሲስተም ጥሎ የኮነቲከትን አምጥቶ ነው የተከለው። የፌዴራሉም ከዛ የተሻለ አልነበረም። እና እኔ ያኔ ኤርፖርት ሎት (ሹፌሮች ተራ የምንጠብቅበት ማቆሚያ) ላይ ሆኜ ለሹፌሮቹ ምን ስል እንደነበር ታውቃላችሁ፣ «ብዙ ሰው ስለፈለገው እኮ ነው የተጨናነቀው»! ይሄን አሁን ስጽፈው ራሴ ሳቄ ይመጣል። አንድ ባንክ ድረገጹ እንደዛ ቢሆንብኝ ሂሳቤን የምዘጋ ሰው ነኝ።

ሎቱ ላይ አንድ ወዳጅ አለኝ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው፣ አገር ቤት ሂሳብ ሹም ነበር፣ እዚህም የብዙ ሹፌር ታክስ የሚሰራው እሱ ነው፣ ስለዚህ ሂሳብ ሹሙ ልበለው። እኔን «ዶክተርዬ» ነው የሚለኝ ለማሽሟጠጥ። ሪፐብሊካን ነው፣ በሃይማኖትም በምንም ምክንያት አለው፣ እሱ የራሱ ጉዳይ ነው። በ2013 መጨረሻ ላይ ድሮ የነበረው ርካሽ ኢንሹራንስ ተሰርዟል የሚል ደብዳቤ መጣለት። ያኔ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ነው እንደዛ አይነት ደብዳቤ የደረሰው። ኦባማ ደግሞ ያላችሁን ፕላን ከወደዳችሁት ይዛችሁት ትቀጥላላችሁ እያለ ስንት ጊዜ ነው የተናገረው፣ ፖለቲፋክት የሚባለው የፖለቲከኛ ንግግር የሚያጣራው ድርጅት የ2013 የአመቱ ውሸት ብሎ መረጣት። ሂሳብ ሹሙ ደብዳቤውን አሳየኝ። እኔ ምን አልኩ፣ «አንተ ደሞ፣ የድሮው እቃህ ቆሻሻ ነበር እኮ፣ ሆስፒታል ብትገባ ምንም አይሸፍንልህም ነበር፣ እንኳን ተሰረዘ»። ከደብዳቤው ላይ ያነበብኩት አርእስቱን ብቻ ነው።

ያው ድርጅት በ2009 የአመቱ ውሸት ብሎ የመረጠው ደግሞ የሌላኛውን ወገን ነው፣ በ2008 የሪፐብሊካኖቹ ምክትል ፕሬዚዳንት እጩ የነበረችው ሳራ ፔሊን ፌስቡክ ላይ የጻፈችው፣ ሽማግሌና አካል ጉዳተኛ ይታከም ወይ አይታከም ብሎ የሚፈርድ የሞት ሸንጎ ይመጣል የሚለው። በህጉ ረቂቅ የነበረው ሐኪም በሽተኛውን ስለ መጨረሻ ዘመኑ ህክምና ሲያማክር ሜዲኬር (የመንግስት የሽማግሌዎች ኢንሹራንስ) ይክፈለው የሚል አንቀጽ ነው። ይቺኛዋን ውሸት እኔ ለአስር ሰው በቃሌ አስረድቻለሁ። የ2013ቷን ግን ለአንድ ሰው አንስቼ አላውቅም።

በነገራችን ላይ በ2013 ሶስት ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ፣ ለሰዎች የፔሊንን ወሬ አስነበቡና ለግማሹ ማረሚያ ጨመሩበት። ፔሊንን የማይወዷት ተቀበሉት። የሚወዷትና ፖለቲካ ብዙም የማያውቁትም ተቀበሉት። የሚወዷትና ፖለቲካ በደንብ የሚያውቁት ግን ጭራሽ ባሰባቸው፣ ማረሚያውን አንብበው ሞት ሸንጎው አለ ብለው የበለጠ አመኑ። በኋላ ሌሎች ሰዎች በሌላ በሌላ ርእስ ሲሞክሩት እንዲህ ተገልብጦ የሚብስበት ብዙም አልተገኘም፣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ሲነግሩት ትንሽም ቢሆን ይታረማል። ግን እኔን የገረመኝ ያወቀው ሰው መሆኑ ነው። እኛ አገር የተማረ ይግደለኝ ይባል የለ፣ እዚህ የተማረው ለመከራከር ነው የሚጠቀምበት። ሂሳብ ሹሙንና እኔን ሎቱ ላይ ለይተው የሚያዳምጡን ደግሞ ብዙ ስለምናውቅ ነው!

ወደ አጠቃቀሙ ልመለስ። አንደኛ ልጆቹ ከኛ ጋር አልገቡም፣ ገቢያችን ስለሚፈቅድ ስቴቱ የልጆች ፕሮግራም ውስጥ አስገባቸው፣ ለነሱ ምንም ቅሬታ የለኝም፣ ክትባት፣ ጥርስ፣ መነጽር ሁሉም ያለ ጭቅጭቅ። እኔና ባለቤቴ በሲልቨሩ። ሲልቨር የምላችሁ ዝም ብዬ አይደለም፣ ገቢህ ዝቅ ያለ ከሆነ መንግስት ወርሃዊው ክፍያ ላይ ከሚከፍልልህ ድጎማ ሌላ ዲዳክቲብሉን (ኢንሹራንሱ መክፈል ሳይጀምር ከኪስህ የምትከፍለውን) እና ኮፔዩን (በየህክምናው የምትከፍለውን ድርሻ) የሚቀንስልህ ሁለተኛ እርዳታ አለ፣ እሱ የሚገኘው ሲልቨር ላይ ብቻ ነው። እኔ ግን በመሃል ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ወርሃዊው ርካሽ ነው ብዬ ብሮንዝ ገባሁና ባለቤቴ የሀሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ያደረገችው በዛው አመት ነው። ዲዳክቲብሉን ከፍለን እስክንጨርስ አንድ አመት ከስድስት ወር ፈጀብን፣ በወር በወር። ይሄ የኔ ጥፋት ነው፣ ናቪጌተሯ ነግራኝ ነበር። (ናቪጌተር ማለት በነጻ የምታስመዘግብህ ሰው ናት፣ አማርኛ የሚችሉም አሉ፣ ጠይቁ።)

አመታዊ ቼካፕ፣ ኮሌስትሮል፣ ኮሎኖስኮፒ በነጻ ነው። በነጻ ስል ኮፔይ የለውም ማለቴ ነው። ኮሎኖስኮፒውን አድርጌ ስወጣ «ኦባማ እድሜህን ያርዝመው» ብያለሁ በአፌ። ከዛ በሁለተኛው ሳምንት ደሜ የተላከበት ላብራቶሪ ከኔትወርክ ውጪ ነው (ከኢንሹራንሱ ጋር ውል የለውም) ተብሎ 380 ዶላር ቢል መጣ፣ ሐኪሟ እኮ ናት የላከችው እኔ የት እንደሚሄድ በምን አውቃለሁ፣ ኢንሹራንሱ ጋ ስደውል 40 ደቂቃ ሙዚቃ፣ ሌላ ሰው፣ ሌላ ሙዚቃ፣ መጨረሻ ላይ ፎርም ሙላ። «እነዚህ ሌቦች» አልኩ። አያችሁ አይደል? ኮሎኖስኮፒው ሲሆን ኦባማ፣ ቢሉ ሲሆን ካምፓኒው። ሁለቱንም የሸጠልኝ አንድ እቃ፣ በአንድ ካርድ፣ በአንድ ወር ውስጥ!

ሂሳብ ሹሙ ደሞ በተገላቢጦሽ ነው። ወርሃዊው ክፍያ ሲጨምር «የኦባማ ስራ»፣ ሚስቱ ስትታከምና ሲሸፈንለት «ካምፓኒው ጎበዝ ነው»። እሱ በብሮከር ነው የገባው፣ ካርዱ ላይ የካምፓኒው ስም ብቻ ነው ያለው፣ ድጎማውም በቀጥታ ለካምፓኒው ስለሚከፈል በእጅህ አይገባም አይታይህም። ኦባማኬር ነው የያዝከው ስለው «የለም፣ የግል ኢንሹራንስ ነው፣ ድጎማ የምትለው ታክስ ክሬዲት ነው፣ የገዛ ታክሴ ነው የተመለሰልኝ»። እና በየአመቱ ታክስ ሲሰራ ከማርኬትፕሌስ የሚላከውን ቅጽ ቁጭ ብሎ የሚሞላው እሱ ራሱ ነው፣ ለኔም የሚሞላልኝ እሱ ነው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። እኔ ደሞ ይሄን ተረት ስንት ጊዜ ሎቱ ላይ አስቄበታለሁ።

የሱ ብቻ አይደለም ግን። ኬንታኪ ውስጥ ማርኬትፕሌሱን ኪኔክት ብለው ነው የሰየሙት። በ2014 ሜይ ኤንቢሲና ማሪስት ያደረጉት የህዝብ አስተያየት መለኪያ ላይ ከተመዘገቡት መራጮች 57 ከመቶው ኦባማኬርን አንወደውም አሉ፣ ኪኔክትን አንወደውም ያሉት 22 ከመቶው ብቻ። አንድ እቃ እኮ ነው፣ ስሙ ነው የተቀየረው። ከዛ በፊት በ2013 ሲኤንቢሲ ለግማሹ ሰው ኦባማኬር ብሎ ለግማሹ በህጉ መደበኛ ስም (አፎርደብል ኬር አክት) ጠይቆ ነበር፣ ኦባማኬር ሲባል 46 ከመቶ ተቃወመ፣ በህጉ ስም ሲሆን 37። ሁሌ የሚወራው ይሄኛው ነው። የማይወራው ሌላኛው ጎን ነው፣ የደጋፊውም ቁጥር ኦባማኬር ሲባል 29 ሆነ፣ በህጉ ስም 22። እነዛ ሰባቱ እነማን ናቸው? እነ እኔ ነና። በስሙ የጠላው ሰው እንደ ሞኝ ተቆጠረ፣ በስሙ የወደደው ግን ማንም ምንም አላለውም።

የግዴታውን ነገርም ላንሳ፣ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ቅጣት ይክፈል የሚለው (በ2016 ለአንድ አዋቂ 695 ዶላር ወይ የገቢህ 2.5 ከመቶ፣ የበለጠው) ሂሳብ ሹሙን ከምንም በላይ ያንጨረጭረው ነበር፣ «ያልገዛሁትን እቃ ካልገዛህ ብሎ የሚቀጣ መንግስት» እያለ። እኔ ደግሞ እድር ነው እለዋለሁ። እድር እየከፈልክ አልሞትኩምና ብሬን መልሱ ትላለህ? ጤነኛው ካልገባ በሽተኛው ብቻ ይቀራል፣ በሽተኛ ብቻውን የያዘ እድር ደግሞ በሁለት አመት ይፈርሳል። የእድራችን ገንዘብ ያዥ እሱ ነው እኮ! ያልከፈለውን በስልክ የሚያሳድደው እሱ ነው። እሱ ግን «እድር ፈቅጄ ነው የገባሁት» አለኝ፣ እና ልክ ነው፣ እዛች ላይ መልስ አጥቼ ወሬ ቀየርኩ።

ይባስ ብሎ ይሄ የግዴታ ሀሳብ መጀመሪያ የማን ነበር ብላችሁ ነው? ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን የሚባለው የወግ አጥባቂዎቹ ተቋም ነው በ1989 ያመጣው፣ ሪፐብሊካኑ ሚት ሮምኒ ነው በ2006 ማሳቹሴትስ ላይ በህግ ያጸደቀው። ኦባማ ደሞ በ2008 ከሂላሪ ጋር ሲወዳደር ግዴታ መሆን የለበትም ብሎ የተከራከረ ሰው ነው። ከዛ በኋላ ኦባማ ሲይዘው እነዛ ጠሉት እኛ ወደድነው። እኔ በ2008 ግዴታ መጥፎ ነው ስል ነበር ኦባማ ስላለ፣ በ2010 ግዴታ ካልሆነ አይሰራም ስል ነበር፣ አሁንም ኦባማ ስላለ። በመሃል ያነበብኩት አንድም ነገር የለም። ቅጣቱ ከ2019 ጀምሮ ዜሮ ሆነ በትራምፕ የታክስ ህግ፣ እና እኔም ይፈርሳል ያልኩት ገበያ አልፈረሰም፣ በ2025 24 ሚሊዮን ገደማ ሰው ተመዝግቦበታል። ድጎማው ነው የያዘው። ያኔ ይፈርሳል ያልኳቸው ሰዎች ይቅርታ፣ ጤና መኮንን ነኝ ብዬ በእርግጠኝነት ነበር የተናገርኩት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ይሄን ሪቪው ወደጻፍኩበት። ባለፈው ክረምት በረዶ ሆኖ በረራ ዘግይቶ ሎቱ ላይ ሶስት ሰአት ተቀመጥን። እንደተለመደው ጀመርን። ሂሳብ ሹሙ ሰለቸውና «ዶክተርዬ፣ እንደ ኦዲት እናድርገው» አለኝ። የኦባማም የካምፓኒም ስም የሌለበት ወረቀት ላይ፣ አንድ አመት ሙሉ የከፈልከው፣ ያገኘኸው፣ ያጣኸው፣ የፈጀብህ ጊዜ፣ ብቻ። እኔ የሱን አመት አይቼ ኮከብ እሰጣለሁ እሱ የኔን። ስልካችን ላይ ያሉትን ቢሎች እያየን በቡና ቤት ናፕኪን ጀርባ ጻፍን። እኔ ብሮንዝ የያዝኩበትን አመት ሰጠሁት፣ ታማኝ ለመሆን። እሱ 2014ን ሰጠኝ።

ለኔ 2 ኮከብ ሰጠኝ። ተናደድኩ፣ ኦፕራሲዮኑ እኮ ኢንሹራንስ ባይኖር ቤት ያስሸጥ ነበር። «አዎ» አለ፣ «እሱን አስገብቻለሁ፣ ያስገባሁት ሌላው ስልክ ላይ የተቀመጥክበት 31 ሰአት ነው፣ በሰአት የምትሰራውን አባዛሁት»። ስንት ወጣ አልኩት። 700 ዶላር አካባቢ። ይሄን በአስር አመት ውስጥ አንድም ቀን አስልቼው አላውቅም፣ ምክንያቱም ያ ሰአት የኦባማ አልነበረም የካምፓኒው ነበር በኔ ሂሳብ።

እኔ የሱን አየሁና 4 ልሰጥ ነው፣ ወርሃዊው ከድሮው ትንሽ ነው የጨመረው፣ ሽፋኑ ሶስት እጥፍ ነው፣ ሚስቱ ያለምንም ቢል ታክማለች። ናፕኪኑን መለስኩለት። «መጨረሻ ያለውን መስመር አንብበኸዋል?» አለኝ። አንብቤዋለሁ፣ ሐኪም መቀየር ይላል። ሐኪም መቀየር ምን አለው ብዬ አለፍኩት። ሂሳብ ሹሙ ዝም አለ፣ ከዛ ነው የነገረኝ። አዲሱ ፕላን የሚስቱን ሐኪም አይቀበልም ነበር። ሁለት ጽንስ ሲወርድባት ያየቻት፣ ሶስተኛዋን ልጅ ያዋለደች ሐኪም ናት። ደብዳቤው ሲመጣ ያንገበገበው እሷ ናት እንጂ ኦባማ አይደለም። ለኔ ሊነግረኝ ነበር ያን ቀን ደብዳቤውን ያሳየኝ፣ እኔ «ቆሻሻ ነበር እንኳን ተሰረዘ» ስለው ተወው፣ ከዛ በኋላ የምንከራከረው ሁሉ ስለ ፖለቲካ ሆነ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፣ አስራ ሁለት አመት ሙሉ ዳውላ ስንደበድብ ነበር።

እኔ ጤና መኮንን ሆኜ በሽተኛ ምን ሆንክ ብሎ መጠየቅ የመጀመሪያው ትምህርቴ ነው። አልጠየቅኩትም።

ለፍትህ ያህል እሱም ያመነው አለ። በ2017 ሪፐብሊካኖቹ ህጉን ሊሰርዙት ሲሉ፣ ጁላይ 28 ሌሊት የራሳቸው ሴናተር ማኬይን አውራ ጣቱን ወደታች አድርጎ ያስቀረው ጊዜ፣ ሂሳብ ሹሙ ሌሊቱን ሙሉ ቲቪ ሲያይ አድሯል፣ «ይሰረዝ እያልኩ አንዴ እንኳን ተሰርዞ ቢሆንስ ብዬ አላሰላሁም ነበር፣ ያን ሌሊት አሰላሁት» አለኝ። ስንት እንደመጣበት አልነገረኝም። የብዙ ሰው ሀሳብም በዛው አመት ነው የዞረው፣ ኬኤፍኤፍ የሚባለው የጤና ጥናት ድርጅት በየጊዜው በሚለካው ላይ ከ2017 ወዲህ የሚወዱት ከሚጠሉት በልጠው ቀርተዋል። እቃው ያው ነው፣ ሊወሰድ ሲል ጊዜ ነው ሰው ያየው።

እና ኮከቡ። ለኔ ቤተሰብ 3.5። የስልኩን ሰአት ስለማስገባ ነው ከ4 የወረደው። ዳላስ ላሉ ዘመዶቼ ግን ይሄንን ኮከብ አትውሰዱ፣ ቴክሳስ ሜዲኬይድን (የመንግስት የድሆች ኢንሹራንስ) አላሰፋም (ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ለየስቴቱ ፈቃድ አድርጎ ትቶታል)፣ እዛ ገቢው ከድህነት መስመሩ በታች የሆነ ዜጋ ድጎማም ሜዲኬይድም የማያገኝበት ቀዳዳ አለ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያው ሰው ሜዲኬይድ ውስጥ ነው። ቨርጂኒያም ከ2019 ጀምሮ አስፍታለች። የሐኪሞቹን ዝርዝር ደሞ አትመኑ፣ ፕላን ከመምረጣችሁ በፊት ክሊኒኩ ጋ ራሳችሁ ደውሉ፣ እኔ ከዝርዝሩ ላይ የደወልኩለት አንዱ ጡረታ ከወጣ ሶስት አመቱ ነበር።

በ2021 የመጣው ተጨማሪ ድጎማ በ2025 መጨረሻ ላይ አልቋል፣ የድሮው ድጎማ አለ ተጨማሪው ነው የቀረው፣ ስለዚህ ወርሃዊው ጨምሯል። የኔ አዲሱ ሂሳብ ሲመጣ ገና ፖስታውን ሳልከፍት ማንን እንደምሰድብ መርጬ ነበር። ከዛ ለሂሳብ ሹሙ ደወልኩ፣ «ስንት ገባብህ?» አለኝ፣ ቁጥሩን ነገርኩት፣ «የኔንም እስክከፍተው ቆይ» አለ፣ ፖስታው ሲቀደድ በስልኩ ይሰማኛል።